ለአረብ አገር ሜዲካል ሄጄ «ጉበት አለብሽ» ተባልኩ። ቤት ውስጥ ኩባያዬ ተለየ

የኮምቦልቻዋ | ሰኔ 2 ቀን 2017
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። 24 ዓመቴ ነው። ወደ አረብ አገር ልሄድ የቤት አያያዝ ሥልጠናውን ጨርሼ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ፓስፖርቴን አውጥቼ ነበር። የቀረኝ ሜዲካል ብቻ ነበር። ደም ሰጠሁ። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዷ በመስኮት ወረቀቴን ሰጠችኝ። «አንፊት ነሽ (በጤና አላለፍሽም)፣ ጉበት አለብሽ» አለችኝና የሚቀጥለውን ስም ጠራች። በቃ፣ ይኸው ነው የተነገረኝ።

ወረቀቱ ላይ «ኤችቢኤስ አንቲጅን ፖዘቲቭ» ይላል። ምንም አያመኝም። ዓይኔ ቢጫ አይደለም፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። ለእናቴ ነገርኳት፣ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩባያዬን ለብቻ አደረገች። እንጀራም ለብቻዬ በሰሃን ነው የምታቀርብልኝ። ክፋት አይደለም፣ ታናናሾቼን ፈርታ ነው። አባቴም ከስምንት ዓመት በፊት ሆዱ አብጦ ነው የሞተው። ያኔ ሰዎች «መድኃኒት አብልተውት ነው» ሲሉ ስለነበር አሁን እሷ ሁሉንም ነገር ትጠረጥራለች።

ጎረቤታችን የወፍ በሽታ የሚያክሙ ሰው ጋ ልውሰድሽ ትለኛለች። ደላላው ደግሞ «የሌላ ሰው ደም እናስገባልሻለን፣ ትንሽ ብር ጨምሪ» ይላል። ምን ላድርግ?

ላብራቶሪው | ሰኔ 2
አይዞሽ እህቴ። ላብራቶሪ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በየሳምንቱ አንቺን የመሰለ ሰው አያለሁ። አብዛኛው ልክ እንዳንቺ ነው የሚያውቀው፤ ለአረብ አገር ሜዲካል፣ ደም ሊለግስ ወይም ለእርግዝና ክትትል መጥቶ። አሞት የመጣ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ደላላውን ተይው። እዚያ ስትደርሺ የመኖሪያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት እንደገና ይመረምሩሻል። ያኔ ትመለሻለሽ፣ ብሩም ይቀራል።

ወረቀቱ የሚለው በደምሽ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንዳለ ነው። ጉበትሽ ተጎድቷል ማለት አይደለም። ያንን የሚነግሩሽ ሌሎች ምርመራዎች ናቸው። የጉበት ኢንዛይም፣ የቫይረሱ መጠን፣ አልትራሳውንድ። ከስድስት ወር በኋላም አንቲጅኑ ካለ ሥር የሰደደ ይባላል። ሳስበው ያንቺ ቆይቷል፣ ግን ይህን ሐኪም ነው የሚለው።

አቤል_ከሰሚት | ሰኔ 2
ጉበት ከሆነ እኮ አልኮል ነው የሚያመጣው። ትጠጫለሽ እንዴ? 😅

የኮምቦልቻዋ | ሰኔ 2
ጠላ እንኳ ጠጥቼ አላውቅም።

ላብራቶሪው | ሰኔ 2
@አቤል አልኮል ጉበት ይጎዳል፣ ልክ ነህ። ይሄኛው ግን ቫይረስ ነው። አምስት ዓይነት አለ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ። ኤ እና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ነው የሚገቡት። ቢ እና ሲ በደም ነው፣ ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ዲ ብቻውን አይኖርም፣ ቢ ያለበትን ሰው ነው የሚይዘው። እኛ አገር በተለያዩ ጊዜያት የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ቢ 7 በመቶ ገደማ፣ ሲ 3 በመቶ ገደማ ነው። መቶ ሰው የያዘ ሠርግ ላይ ብትቀመጥ ሰባቱ ቢ አለባቸው እንደማለት ነው። ስድስቱ አያውቁም ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም።

እማማ_ጣይቱ | ሰኔ 3
ልጄ፣ የወፍ በሽታን ሐኪም አያውቀውም። የኔ ልጅ በ12 ዓመቱ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ ነበር። ሐኪም ቤት «የሚሰጥ መድኃኒት የለም፣ ይረፍ» ብለው መለሱን። የባህል መድኃኒት ጠጥቶ በሦስት ሳምንት ድኖልኛል። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። የሌሊት ወፍ ናት የምታመጣው፣ ጥላዋ ሲያርፍ።

አዋላጅ_ነኝ | ሰኔ 3
እማማ፣ ልጅዎ እንኳን ዳነልዎ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ቅር አይበልዎት። ያ ልጅ የያዘው ኤ ሳይሆን አይቀርም። ልጆችን በብዛት የሚይዘው እሱ ነው። ኤ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይለቃል፣ መድኃኒት አያስፈልገውም። ሐኪሙ «ይረፍ» ያለው ለዚህ ነው እንጂ ንቆዎት አይደለም። ባይጠጣም ይድን ነበር።

ነገሩ የሚያጣላን እዚህ ላይ ነው። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ በራሱ የሚድነው ዓይነት ነው። ባህል ሐኪሙ ጋ የሚሄደውም ያ ስለሆነ «አዳነው» ይባላል። ከልጅነት ጀምሮ ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ቢ ደግሞ ለ20 እና 30 ዓመት ዓይን አያቢጭም። ዝም ይላል። ቢጫው ሲመጣ፣ ሆድ ሲያብጥ፣ እግር ሲያብጥ ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ አልቋል ወይም ካንሰር ጀምሯል። ያኔ ደግሞ «ሟርት ነው፣ መድኃኒት አብልተውት ነው» እንላለን።

@የኮምቦልቻዋ የአባትሽን ነገር ከሩቅ ሆኜ ልፈርድ አልችልም። ግን ለሐኪምሽ ንገሪው። በቤተሰብ የጉበት ሕመም መኖሩ ክትትልሽን ይቀይረዋል።

የኮምቦልቻዋ | ሰኔ 3
ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እሺ፣ እነግረዋለሁ። ግን እኔ ከየት አመጣሁት? ወንድ አላውቅም፣ ይህን የምጽፈው ማንነቴን ስለማታውቁ ነው። እናቴም ይህን ጥርጣሬ በዓይኗ ጠይቃኛለች።

አዋላጅ_ነኝ | ሰኔ 3
ይሄ ጥያቄ ነው ብዙ ሴቶችን የሚያቃጥለው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ትልቅ ሰው በቢ ሲያዝ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ሰውነታቸው ራሱ ያጸዳዋል። አራስ ሕፃን ሲያዝ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ለዕድሜ ልክ ይዘውት ይቀራሉ። ስለዚህ በ24 ዓመቱ ያለ ምንም ሕመም ፖዘቲቭ የተባለ ሰው በአብዛኛው የያዘው ስትወልደው ከእናቱ ወይም በልጅነቱ ቤት ውስጥ ነው። በአንድ ምላጭ እንጥል ሲቆረጥ፣ ግግ ሲወጣ፣ ሲገረዝ፣ ድድ ሲነቀስ። ወይም በልጆች ቁስል።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የተወለዱ ሕፃናት ፔንታ የምንለውን ክትባት ይወስዳሉ። ያ መርፌ ውስጥ የቢ ክትባት አለበት። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ነው። አንቺ ከዚያ በፊት ነው የተወለድሽው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የእናትሽም አይደለም፣ እሷንም ማንም አልመረመራትም።

ስለዚህ መመርመር ያለባት ቀጣይዋ ሰው እናትሽ ናት።

ጅዳ_ላይ | ሰኔ 3
እኔ ሁለተኛው ሜዲካል ላይ ነው የተያዝኩት። አገር ቤት «ፊት» ብለውኝ እዚያ ስደርስ «አንፊት» ሆንኩ። በሦስት ሳምንት ተመለስኩ። ከዚያ ሌላ አገር በሌላ መንገድ... ተዉት። የደላላውን ምክር አትስሚ ለማለት ነው።

ፀጉር_ቤት_ያለኝ | ሰኔ 4
እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ ሐዋሳ። በቀን 30 ሰው እቆርጣለሁ። ምላጭ ለእያንዳንዱ አዲስ ነው የማወጣው፣ ደንበኛውም እያየ ነው። ማሽኑን ግን አልኮል ነፍቼበት እሳት አለኩስበታለሁ። ሰማያዊ መብራት ያለው ሳጥንም አለኝ። ይበቃል?

ላብራቶሪው | ሰኔ 4
ምላጩ ላይ ጎበዝ ነህ። ይህ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ዛሬ የቆረጥከው ሰው ደም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደንበኛ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

እሳቱ ለዓይን ያምራል። ግን ብልጭ ብሎ ነው የሚጠፋው፣ በጥርሶቹ መሀል ፀጉርና ደም ካለ አይደርስበትም። ሰማያዊ መብራቱም መብራቱ ያልነካውን አያጸዳም። መጀመሪያ ጥርሱን ፈትተህ በብሩሽ ፀጉሩን አውጣ፣ እጠበው፣ ከዚያ ነው ፀረ ተሕዋሲያን የሚሠራው። ቆሻሻ ላይ የተነፋ አልኮል ድካም ብቻ ነው። ደም ከወጣ ያን ጥርስ ለይተህ አስቀምጥ። የፈሰሰ ደም ለመጥረግ በረኪና በውኃ ቀጥን፣ አንድ ለአሥር። ብረቱን ይበላብሃል፣ ለጠረጴዛና ለወለል ነው።

አንተ ራስህም ተከተብ። በዚህ ጉዳይ ከደንበኞችህ ይልቅ የምትሰጋው አንተ ነህ።

ፀጉር_ቤት_ያለኝ | ሰኔ 4
ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ፈቃድ ሊያዩ የሚመጡት «ሳጥኑ አለህ?» ብለው ነው የሚሄዱት።

ሰናፍጭ | ሰኔ 4
የራሳችሁን ማሽን ግዙ። እኔ ገዝቼ ይዤ ነው የምሄደው። የሰፈሩ ልጆች «ባለሥልጣን» ይሉኛል። ይበሉ።

አቤል_ከሰሚት | ሰኔ 4
አያቴ ዋግምት ታስደርጋለች በየዓመቱ። ትከሻዋን በምላጭ በጣ በጣ አድርገው ደም ይስባሉ። ያው ምላጭ ለሁሉም ነው መሰለኝ 😳 አሁን ነው የገባኝ

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ሰኔ 5
ከአሜሪካ ነኝ። እዚህ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም አዋቂ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለቢ እንዲመረመር ይመከራል። ለኛ ለሐበሾች ግን ድሮም ይመከር ነበር፣ ከፍተኛ ቁጥር ካለበት አገር ስለመጣን። ችግሩ ሐኪሙ ሳይጠይቀን እኛም አንጠይቅም። ባለቤቴ 14 ዓመት እዚህ ኖሮ ለኢንሹራንስ ደም ሲሰጥ ነው ያወቀው።

እሱ ሲነገረው መጀመሪያ ያለው «ልጆቼን መሳም ልተው?» ነው። አሳዘነኝ። በመሳም አይተላለፍም፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም፣ ከአንድ ገበታ በመብላት አይተላለፍም።

የኮምቦልቻዋ | ሰኔ 5
ጉርሻስ?

አዋላጅ_ነኝ | ሰኔ 5
ጉርሻ ቢን አያስተላልፍም። ኩባያም አያስተላልፍም። ሽንት ቤት መቀመጫም፣ ሳልም፣ ላብም አያስተላልፍም።

የኤ ነገር ሌላ ነው። ከሽንት ቤት ወጥቶ እጁን በሳሙና ያልታጠበ ሰው ካጎረሰሽ ኤ ሊያጎርስሽ ይችላል። 😄 ኢ ደግሞ በብዛት ውኃ ሲበከል ነው የሚመጣው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ካምፕ ውስጥ የተነሳው እሱ ነበር። ለብዙ ሰው ቀላል ነው፣ እርጉዝን ግን ይገድላል። በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። ዓይኗ የቢጨ እርጉዝ ካያችሁ ባህል መድኃኒት ፍለጋ አንድ ቀን አታባክኑ።

እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚለየው ኩባያ አይደለም። የሚለየው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ መርፌ ነው። ቁስል ሲኖርሽ ሸፍኚው። ስታገቢ ባልሽ ይመርመር፣ ከሌለበት ይከተብ። ስትወልጂ ለአዋላጇ ንገሪያት።

ናፍቆት_ነፍሰጡር | ሰኔ 6
ይቅርታ ክሩን ልጠልፈው ነው። የ6 ወር እርጉዝ ነኝ። የመጀመሪያ ክትትል ላይ ቢ አለብሽ ተብያለሁ። «ሕፃኑ ሲወለድ ይታያል» ብለው ሸኙኝ። ይሄ ትክክል ነው?

አዋላጅ_ነኝ | ሰኔ 6
አይደለም። ሲወለድ ከሚታይ አሁን ይታይ። ምንም ካልተደረገ ወደ ሕፃኑ የመተላለፍ ዕድሉ እንደ ቫይረስሽ መጠን ከ10 እስከ 90 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሰፊ ነው አይደል? ለዚህ ነው መጠኑ መለካት ያለበት። ከፍተኛ ከሆነ ከ28ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን ይሰጥሻል። ለፅንሱ ችግር የለውም።

ሌላው ትልቁ ነገር በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ የቢ ክትባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም ሕፃን ይመክረዋል። ፔንታ 6ኛው ሳምንት ላይ ነው የሚጀምረው፣ ለልጅሽ ያ ይዘገያል። የምትወልጂበት ቦታ የመጀመሪያው ቀን ክትባት መኖሩን ከአሁኑ ጠይቂ። ከሌለ የት እንዳለ አስፈልጊ፣ ምጥ ሲመጣ የሚፈለግ ነገር አይደለም። ጡት ማጥባት ትችያለሽ።

ናፍቆት_ነፍሰጡር | ሰኔ 6
እግዚአብሔር ይስጥሽ። ነገ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ።

ክኒን_በኪሴ | ሰኔ 7
ቴኖፎቪር ሲባል ሰምቼ ገባሁ። ሦስት ዓመት ወስጃለሁ። በቀን አንድ ክኒን ነው። ጉበቴ መጎዳት ጀምሮ ነበር፣ አሁን ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። ግን አልዳንኩም፣ ሐኪሜ «ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ነው የሚለኝ። አንዴ በራሴ አቁሜው ነበር። በአራት ወር ኢንዛይሜ ጣራ ነካ። እንዳትሞክሩት።

ያስቸገረኝ ክኒኑ አይደለም። ይህ መድኃኒት ለኤችአይቪም ይሰጣል። የሥራ ባልደረባዬ ብልቃጡን አይታ ቢሮው በሙሉ ሌላ ነገር አወራ። አሁን በቫይታሚን ብልቃጥ ገልብጬ ነው የምይዘው።

@የኮምቦልቻዋ ሁሉም ሰው መድኃኒት አይጀምርም። ክትትል ብቻ የሚነገረው አለ። ያኔ «ተሸካሚ ብቻ ነኝ፣ ምንም አያደርገኝም» ብለሽ እንዳትጠፊ። እኔ ስድስት ዓመት የጠፋሁት እንዲህ ተብዬ ነው።

እማማ_ጣይቱ | ሰኔ 7
እኔ ጸበል ነው የማምነው።

ክኒን_በኪሴ | ሰኔ 7
እማማ እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ክኒኑን በጸበሉ ነው የምውጠው። 🙏

ላብራቶሪው | ሰኔ 7
የሲ ነገር ተዘሎ እንዳይቀር። ሲ ክትባት የለውም፣ ግን ይድናል። ለ12 ሳምንት ክኒን ተውጦ ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ግብፅን እዩ። ድሮ ቢልሃርዚያ ለማጥፋት ገጠር ለገጠር መርፌ ሲወጋ ያው መርፌ ተደጋግሞ ሕዝቡን በሲ በከለው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው መርምረው፣ አክመው ቁጥሩን ቁልቁል ጣሉት። ሲደረግ ይቻላል።

እና ባህል መድኃኒት ላይ አንድ ቃል። ጉበት ነው የምትጠጡትን ሁሉ የሚያጣራው። የታመመ ጉበት ላይ መጠኑ የማይታወቅ ቅጠል መጨመር የደከመ አህያ ላይ ጆንያ መደረብ ነው። የሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒም እንዲሁ፤ ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ ከቢ ጋር ሲገናኝ የጉበት ካንሰርን በጣም ያፋጥናል። የሻገተውን አጥባችሁ ቆልታችሁ አትብሉ፣ ጣሉት።

የክሩ ተቆጣጣሪ | ሰኔ 8
የባህል ሐኪም ስልክ ያለባቸውን ሁለት መልእክቶች አጥፍቻለሁ። «ቢን በ21 ቀን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል» የሚለውንም ማስታወቂያ። ቢን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ መድኃኒት ዛሬ የለም። የሚሸጥላችሁ ካለ ብራችሁን እየፈለገ ነው።

የኮምቦልቻዋ | ሐምሌ 9
ተመልሼ መጣሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ ጠይቃችሁኛል፣ አመሰግናለሁ።

ሪፈር ተጽፎልኝ ደሴ ሄድኩ። አልትራሳውንዱ ደህና ነው። ኢንዛይሜም ደህና ነው። የቫይረሱን መጠን ለማወቅ ደሜን ወደ ሌላ ቦታ ልከው ሁለት ሳምንት ጠበቅን፣ ዝቅተኛ ነው አሉኝ። ለጊዜው መድኃኒት አልተጀመረልኝም። የአባቴን ነገር ስነግረው ሐኪሙ ጻፈው። በየስድስት ወሩ ነይ፣ እንዳትቀሪ አለኝ። ሁለቴ ነው የደገመው።

እናቴን ለመውሰድ ሦስት ሳምንት ለመንኳት። ፖዘቲቭ ናት። ውጤቱን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «እኔ ነኝ ማለት ነው የሰጠሁሽ?» ነው። ምን ልበላት? የሷ ጉበት ትንሽ ጠባሳ አለው፣ መድኃኒት ጀምራለች። እሷ ባትመረመር ማን ያውቅ ነበር።

እህቴ 21 ዓመቷ ነው፣ ኔጌቲቭ ናት። የመጀመሪያውን ክትባት ወግተዋታል። ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። ትንሹ ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው፣ ሕፃን ሳለ ፔንታውን ጨርሷል፣ እሱም ነፃ ነው። ካርዱን እናቴ ከሣጥን ሥር አወጣችው፣ ሦስቱም ቀን ተጽፎበታል።

ኩባያው ተመልሷል። የተለየው የጥፍር መቁረጫው ነው።

አረብ አገሩ ቀርቷል። እሱን ገና አልረሳሁትም፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

አዋላጅ_ነኝ | ሐምሌ 9
እህትሽ ሦስተኛውን እንዳትረሳው። ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ነው የሚቀረው። ስልኳ ላይ አስታዋሽ ሙይላት።

ፀጉር_ቤት_ያለኝ | ሐምሌ 10
እኔም አንደኛውን ተወጋሁ። ረዳቴንም ይዤው ሄድኩ። መርፌ ሲያይ ሊወድቅ ነበር።

ላብራቶሪው | ሐምሌ 21
ዛሬ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው። ሐምሌ 21 የሆነው ባሩክ ብሉምበርግ የተወለደበት ቀን ስለሆነ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቫይረሱን ያገኘው፣ ለክትባቱም መንገድ የከፈተው፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ሰው። እኛ ላብራቶሪ ዛሬ ፖስተር ተለጥፏል። መመርመሪያው ግን ከትናንት ወዲያ አልቋል። 🙃

መንገደኛ_77 | ሐምሌ 23
ሰላም ጓዶች፣ የወፍ በሽታ የሚያክሙ ሰው አድራሻ ያላችሁ? አስቸኳይ ነው።

የክሩ ተቆጣጣሪ | ሐምሌ 23
ወንድሜ፣ ክሩን ከላይ ጀምረህ አንብበው።

አዋላጅ_ነኝ | ሐምሌ 23
ማንበቡ ይቆይ። @መንገደኛ ማን ነው የታመመው? ዕድሜው? ሴት ከሆነች እርጉዝ ናት? ያስታውከዋል? ይቃዣል፣ ወይም እንቅልፉ በዝቷል?

መንገደኛ_77 | ሐምሌ 23
ባለቤቴ ናት። ስምንት ወሯ ነው። ከትናንት ጀምሮ ዓይኗ ቢጫ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ስጠራት ቶሎ አትሰማኝም።

አዋላጅ_ነኝ | ሐምሌ 23
ስልኩን ዝጋና አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዳት። ጤና ጣቢያ አይደለም፣ ሆስፒታል። ስትደርሱ «እርጉዝ ናት፣ ዓይኗ ቢጨ፣ መቃዠት ጀምራለች» በላቸው፣ ወረፋ አትያዝ። የት አካባቢ ነህ? በውስጥ ጻፍልኝ።